ታላቅ ታናሹን ያሳደገበት ቤት

ቦሌ መንገድ ላይ የቆመው ዓለም ሕንፃ ለአዲስ አበባ ሰው የቀጠሮ ቦታም የሲኒማ አዳራሽም ነው። ስያሜውን ያገኘው ከወይዘሮ ዓለም ጥላሁን፣ ከሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ባለቤት ነው። በበሩ የሚያልፍ ሁሉ የኃይሌን ሁለት የኦሊምፒክ ወርቆች፣ የአትላንታውንና የሲድኒውን፣ ያስታውሳል። ያደገበትን ቤት የሚያነሳ ሰው ግን ብዙም አይገኝም። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1973 አሰላ አካባቢ ተወለደ። ቤቱ የገበሬ ቤት፣ የክርስቲያን ቤት፣ የአሥር ልጆች ቤት ነበር። እናቱ የሞቱት እሱ ገና ልጅ ሳለ ነው። አባቱ ልጃቸው ተምሮ ሥራ እንዲይዝ እንጂ እንዲሮጥ አልፈለጉም። ትምህርት ቤቱ አሥር ኪሎ ሜትር ይርቅ ስለነበር ግን ሩጫው ከትምህርቱ ጋር አብሮ መጣ። ደብተሩን በግራ እጁ ይዞ ሲሮጥ ያደገው ልጅ፣ ዓለምን ሁሉ ሲያሸንፍም ግራ ክንዱን ደብተር እንደታቀፈ ሰው አጥፎ ነበር።

ኃይሌና ዓለም ያሳደጉት አራት ልጆች ነው፤ ሦስት ሴትና አንድ ወንድ። በአንድ ትውልድ ውስጥ ከአሥር ወደ አራት ማለት ነው። ዛሬ ቦሌ ላይ አራት ልጅ ያላት እናት "በርቺ!" የምትባል፣ ጎረቤት የሚደነቅባት ሴት ናት።

የአሥር ልጆች ቤት ለልጆቹ ምን ይሰጣቸው ነበር? ምንስ ያስከፍላቸው ነበር? ጥያቄው የትናንት ትዝታ ብቻ አይደለም። በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚትና በአያት በሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ውስጥ አያቶች የስምንትና የዘጠኝ ልጆች ወላጆች ናቸው፤ ልጆቻቸው የሦስት፣ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ የአንድ ወይም የሁለት። ሦስቱም ትውልድ በፋሲካ አንድ ቤት ተሰብስቦ ዶሮ ይበላል። ስለ ልጅ ብዛት ያላቸው አስተሳሰብ ግን የተለያየ ነው፤ ክርክሩም ብዙ ጊዜ እዚያው ማዕድ ላይ ይነሳል።

ቁጥሩ ለውጡን በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1990 በተደረገው የቤተሰብና የወሊድ ጥናት መሠረት፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት በዕድሜዋ በአማካይ ከስድስት በላይ ልጅ ትወልድ ነበር። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አማካዩ ወደ 4.6 ወርዷል፤ በገጠር 5.2፣ በአማራ ክልል 3.7 ነው። አዲስ አበባ ግን ብቻዋን ቀድማ ሄዳለች። በ1990 የነበረው 3.1 በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 1.9 ወረደ፤ ይህም አንድ ትውልድ ራሱን ለመተካት ከሚያስፈልገው በታች ነው። በ2016 ደግሞ 1.8 ሆኗል። ድሃ በሆነ አገር ዋና ከተማ ውስጥ ወሊድ በዚህ ፍጥነት መቀነሱ የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎችን አስገርሟል። ምክንያቱን የመረመሩ ተመራማሪዎች ከሁሉ አስቀድመው ያገኙት የጋብቻን መዘግየት ነው፤ ወጣቱ ሥራና ቤት አጥቶ ትዳሩን ያዘገያል፣ አንዳንዱም ጭራሽ አያገባም። የወሊድ መከላከያ መስፋፋት ሁለተኛው ምክንያት ነው። የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ሥራ የጀመረው ገና በንጉሡ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን፣ በ1993 የወጣው የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ደግሞ የአገሪቱን አማካይ በ2015 ወደ አራት ለማውረድ አቅዶ ነበር።

ከቁጥሩ ጀርባ የልጆች ሞትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያዩ ይሞቱ ነበር። በ2016 ይህ ወደ 67 ወርዷል። የቀድሞ እናቶች ብዙ የሚወልዱት ከሚወልዱት ጥቂቱን እንደሚቀብሩ ስለሚያውቁ ጭምር ነው። በየቤቱ ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ የሚባል ልጅ የማይጠፋው ከእሱ በፊት የሄደ ስለነበር ነው። "ልጅ በዕድሉ ያድጋል" የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ በግዴለሽነት የተነገረ ይመስላል፤ በዚያ ዘመን ግን የሐዘንተኛ እናት መጽናኛም ነበር። አንዱን ቀብራ ሌላውን ለታቀፈች ሴት ሌላ ምን ይባላታል?

የቦሌ ትልቅ ቤተሰብ መልክ ኃይሌ ካደገበት ከአርሲው የገበሬ ቤት ይለያል። ከቦሌ ቪላ ቤቶች ብዙዎቹ በንጉሡ ዘመን መጨረሻና በደርግ ዘመን የተሠሩ ናቸው፤ ሰፊ ግቢ፣ ሳሎን፣ ሦስት መኝታ ቤት፣ ከኋላ በኩል ደግሞ ሰርቪስ። ሰርቪሱ የተሠራው ለማድ ቤትና ለሠራተኛ ነበር፤ ልጆች ሲበዙና ሲያድጉ ግን የወንዶቹ መኖሪያ ሆነ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው እዚያ ያጠናል፣ ሥራ የጀመረው እዚያ ያመሻል፣ ያገባው ሳይቀር ቤት እስኪያገኝ ሙሽራውን እዚያ ያስገባል። በዚህ ላይ ለትምህርት ከገጠር የመጣ የአጎት ልጅ አለ፤ ለሕክምና የመጡ አክስት አሉ። "ስንት ልጆች ናችሁ?" ተብሎ የተጠየቀ የቦሌ ልጅ "ስምንት" ካለ በኋላ ትንሽ አሰብ አድርጎ "ከእነ አብርሃም አሥር" የሚልበት ምክንያት ይኸው ነው። ወላጅ ያልወለደውም ቤት ውስጥ ካደገ ከልጅ ይቆጠራል።

እንዲህ ባለ ቤት ብቸኝነት የሚባል ነገር አይታወቅም። ሁለት ልጅ በአንድ አልጋ፣ አንድ ራስጌ ሌላው ግርጌ ይተኛል፤ የተረፈው ፍራሽ መሬት ላይ ያነጥፋል። መብራት ከጠፋ በኋላ የሚወራው ወሬ ማለቂያ የለውም። ኳስ ለመጫወት ጎረቤት መጥራት አያስፈልግም። ታላቅ እህት "እትዬ"፣ ታላቅ ወንድም "ጋሼ" ተብሎ ይጠራል፤ ማክበሩ ከወላጅ አልፎ ወደ እነሱ ይደርሳል። በእርግጥ እንዲህ ብሎ መጥራት ካልተፈለገ ቁንጥጫ አለ። ትንሹ ልጅ ፊደል የሚቆጥረው አስተማሪ ፊት ከመቀመጡ በፊት ነው፤ ከታላላቆቹ አንዱ ሲያጠና አጠገቡ ቁጭ ብሎ ስለሰማ። ታላቅ ወንድሙ ያለፈበት ትምህርት ቤት ሲገባም መምህሩ "የእገሌ ወንድም ነህ?" ይለዋል። ይህ ጥያቄ ለጎበዝ ታናሽ ኩራት፣ ለሰነፍ ታናሽ ደግሞ መከራ ነው።

እምነቱ የቤቱን ሕይወት በሙሉ ያደራጃል። እ.ኤ.አ. በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ ወደ 75 ከመቶ የሚጠጋው ኦርቶዶክስ፣ ወደ 8 ከመቶ የሚጠጋው ፕሮቴስታንት ነበር። በኦርቶዶክስ ቤት ልጅ መጾም የሚጀምረው ከሰባት ዓመቱ ነው። ብዙ ልጅ ባለበት ቤት ይህ ትልቅ የማዕረግ ቀን ነው፤ ትናንት ከሕፃናቱ ጋር ወተት ሲጠጣ የነበረው ልጅ ዛሬ ከታላላቆቹ ጋር ሽሮ ይቀርብለታል፣ እሱም ደረቱን ይነፋል። እናት ግን ረቡዕና ዓርብ፣ በአብይ ጾምም ሃምሳ አምስቱን ቀን ሁለት ዓይነት ምግብ ታሰናዳለች፤ ለጿሚው ሌላ፣ ለሕፃኑ ሌላ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ የሚጾመው ፍልሰታ ደግሞ በተለይ የልጆች ጾም ነው። ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ታላቅ እህት ታናናሾቿን ነጠላ አልብሳ፣ እጅ ለእጅ አያይዛ፣ በጭቃው እየዘለለች ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም ወይም ወደ ገርጂ ጊዮርጊስ ለቅዳሴ ትወስዳቸዋለች። አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ውኃ ጠማኝ ይላል፣ አንዱ የጓደኛውን ጫማ አድርጎ ይወጣል። እሷ ራሷ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት።

የክርስትናው ነገርም ሊታለፍ አይገባም። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ ለእያንዳንዱ ልጅ ክርስትና የሚያነሳ ሰው ይፈለጋል፤ ለወንድ ወንድ፣ ለሴት ሴት። ስምንት ልጅ ማለት ስምንት የክርስትና አባትና እናት፣ ስምንት አበልጅ ማለት ነው። አበልጅ ደግሞ ከሥጋ ዘመድ አይተናነስም፤ በሁለቱ ቤተሰብ መካከል ጋብቻ እንኳ ይከለከላል። በዚህ መንገድ አንድ ብዙ ልጆች ያሉት ቤት ግማሹን መንደር ያዛምዳል። አባት ሥራ ቢያጣ፣ እናት ብትታመም፣ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ቢጎድለው የሚደረስለት በዚህ በኩል ነው። በወንጌላውያን ቤተሰቦችም መልኩ ይለይ እንጂ ነገሩ ቅርብ ነው። ሕፃኑ በጉባኤ ፊት ለእግዚአብሔር ይቀርባል፣ ማታ ማታ የቤተሰብ ጸሎት አለ፤ አምስትና ስድስት ልጅ ካለ ደግሞ ቤቱ ራሱ መዘምራን ይሆናል። አንዱ ኪቦርድ፣ አንዱ ጊታር፣ የቀሩት በድምፅ። ብዙ የአዲስ አበባ ዘማሪ ሙዚቃ የተማረው ከወንድሙ ነው።

ለወጥ የሚታረድ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ይወጣዋል። ለአሥር ልጅ፣ ለአባት፣ ለእናት ልክ የሚበቃ ይመስላል፤ ግን እንግዳ አለ፣ አያት አሉ፣ የክርስትና አባት አለ። ፈረሰኛው የአባወራው ነው፣ መላላጫው ለታላላቆቹ ይደርሳል፣ ክንፉና አንገቱ ወደ ታናናሾቹ ይወርዳል። እንቁላሉ ብቻ ለሁሉም አንድ አንድ ነው። የትልቅ ቤተሰብ ልጅ መካፈልን የሚማረው በምክር አይደለም፤ እናቱ ጭልፋውን ይዛ ስታካፍል ዓይኑን ሳይነቅል እያየ ነው። አንድ ልጅ ብቻ ያላቸው ወላጆች ይህን ትምህርት በምን ሊተኩት እንደሚችሉ ቢጨነቁ አይፈረድባቸውም።

ልብሱም እንዲሁ ይወርዳል። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ይባላል፤ በስምንት ልጅ ቤት ግን አዲሱን ቀሚስ ለጥምቀት የምትለብሰው ታላቂቱ ናት። የሚቀጥለው ዓመት ለተከታይዋ፣ ከዚያ ለሦስተኛዋ። አምስተኛዋ ጋ ሲደርስ ቀለሙ ለቋል። ታናናሾች አድገው፣ ሥራ ይዘው፣ ለራሳቸው ልጅ ከልክ ያለፈ ልብስ ሲገዙ የሚታዩት አንዳንዴ ይህን ስለሚያስታውሱ ነው።

እዚህ ላይ ደስታው እያበቃ የሸክሙ ነገር ይጀምራል። የትልቅ ቤተሰብ ደስታ ለሁሉም የደረሰ ነው፤ ሸክሙ ግን እኩል አልተከፋፈለም። የተሸከሙት በዋናነት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እናትና የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ።

እናት ስምንት ጊዜ አረገዘች ሲባል ከሃያ ዓመት የሚበልጠው ዕድሜዋ በማርገዝና በማጥባት አለፈ ማለት ነው። ሥራ ነበራት ከተባለ ትታዋለች፤ ትምህርት ጀምራ ነበር ከተባለ አቋርጣዋለች። የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ደግሞ እናት ሳትሆን እናት ሆናለች። ታናሿን በጀርባዋ አዝላ ትምህርቷን የምታጠና፣ ሊጥ አቡክታ ትምህርት ቤት የምትሄድ፣ የእናቷ ወሊድ ከፈተናዋ ጋር ሲገጥም ፈተናው የሚቀርባት እሷ ናት። ታናናሾቿ ዶክተርና ኢንጂነር ሲሆኑ በምርቃቱ ቀን እልል የምትለው፣ ምግቡንም የምታበስለው እሷው ናት። "እትዬ ባትኖር እዚህ አልደርስም ነበር" የሚል ንግግር በብዙ የምርቃት ድግስ ላይ ይሰማል፤ ጭብጨባውም ይደምቃል። ለእሷ ግን ያን ያመለጣትን ትምህርት የመለሰላት የለም። ስለ ትልቅ ቤተሰብ ናፍቆት የሚጻፍ ሁሉ ይህችን ሴት ቢያስታውስ መልካም ነው።

ሌላው ዓለም ስለዚህ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካዊቷ ጁዲት ብሌክ በመጽሐፏ የወላጅ ጊዜና ገንዘብ በልጆች ቁጥር ሲካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው እያነሰ፣ ትምህርቱም እየደከመ እንደሚሄድ ተከራክራለች። ለረጅም ጊዜ ይህ እንደ እውነት ተይዞ ቆየ። በ2005 ግን ሦስት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የኖርዌይን ሕዝብ መረጃ በስፋት መርምረው ሌላ ነገር አገኙ። ልጁ ስንተኛ ሆኖ እንደተወለደ ከታሰበ፣ የቤተሰቡ ብዛት ራሱ በትምህርት ላይ ያለው ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ወደ ኋላ የተወለዱት ግን ከበኩሮቹ ያነሰ ይማሩ ነበር። በድሃ አገር ደግሞ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። በኢኳዶር የተደረገና በ2014 የታተመ ጥናት በተቃራኒው ታናናሾቹ ከታላላቆቹ የተሻለ እንደሚማሩ አሳይቷል። የአዲስ አበባን ትልልቅ ቤተሰቦች የሚያውቅ ሰው የትኛው እንደሚመስላቸው ለመለየት አይቸገርም። እዚህ የመጀመሪያው ልጅ ሠርቶ የመጨረሻውን ያስተምራል።

ስፖርቱም ይህንኑ ይናገራል። ኃይሌ ሯጭ ከመሆኑ በፊት ታላቅ ወንድሙ ተክዬ ሯጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ለሕዝብ በቀረበው "ኢንዱራንስ" በተሰኘው ስለ ኃይሌ ሕይወት የሚያወሳ ፊልም ላይም የገዛ ቤተሰቡ አባላት ተውነዋል። በባርሴሎና ኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀችው ደራርቱ ቱሉ በበቆጂ ከአሥር ልጆች ሰባተኛዋ ናት። የአክስትና የአጎት ልጆቿ የዲባባ እህትማማቾች ደግሞ በ2005ቱ የሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና ታሪክ ሠሩ፤ በ5,000ም በ10,000ም ሜትር ታናሿ ጥሩነሽ ወርቁን፣ ታላቋ እጅጋየሁ ነሐሱን ይዘው በአንድ መድረክ ላይ ቆሙ። ትንሿ ገንዘቤ በበኩሏ በ2015 ሞናኮ ላይ የ1,500 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ታላቅየው መንገዱን ካሳየ ታናሽየው ከባዶ አይጀምርም። ታላቅየው የሚከፍለውን ዋጋ ግን ሜዳሊያ አይነግረንም።

ሌላም የሚያም ነገር አለ፤ አድልዎ። ያዕቆብ አሥራ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት፣ ለአንዱ ብቻ ግን የተለየ ቀሚስ አለበሰ፤ ከዚያ የመጣውን ሁሉ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ብዙ ልጆች ባሉበት ቤት ወላጅ ለሁሉም እኩል ዓይን ሊኖረው አይችልም፤ የበኩሩ ይከበራል፣ የመጨረሻው ይሞላቀቃል። መካከል ላይ ያሉት ስማቸው እንኳ ይምታታል፤ እናት አንዱን ለመጥራት የሦስቱን ስም ቀድማ ትዘረዝራለች። የሚስቅበት ብዙ ነው፤ ግን "እኔን ማንም አላየኝም" የሚል ስሜት ይዞ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው አለ። ትልቅ ቤት ጩኸት እንጂ ጸጥታ ስለሌለው፣ የተጨነቀ ልጅ ዝም ቢል አይታወቅም።

ዛሬ እንዲህ ያለ ትልቅ ቤተሰብ እንመሥርት የሚሉ ወጣት ባልና ሚስት መጀመሪያ የሚገጥማቸው የቤት ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ምሥራቅ አዲስ አበባን ለውጦታል፤ ገርጂ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ። ግን ስቱዲዮው ከ20 ካሬ ሜትር በታች ነው፤ ባለ አንድ መኝታው እስከ 30፣ ባለ ሁለት መኝታው እስከ 45 ካሬ። በዚህ ውስጥ ስድስት ልጅ ማሳደግ ቢቻል እንኳ ልጆቹ የሚሮጡበት ግቢ የለም። ለሚከራይ ሰው ደግሞ የደላላው ጥያቄ "ስንት ናችሁ?" ነው፤ "አምስት" ካሉ ስልኩ ይዘጋል። "ልጅ ለሌለው" ብለው ቤታቸውን የሚያስተዋውቁ አከራዮች ብዙ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ልጅ የእግዚአብሔር በረከት ነው ትላለች፤ ምእመኑም ያምናል። ግን የግል ትምህርት ቤቱ ክፍያ በየልጁ ነው፣ ትራንስፖርቱ በየልጁ ነው። ብዙ ወጣት ክርስቲያን ባለትዳሮች በሁለት ልጅ የሚቆሙት እምነታቸው ስለቀዘቀዘ አይደለም፤ ያሉትን በደንብ ለማሳደግ ነው። ይህን የሚወቅስ ሽማግሌ እነሱ የሚከፍሉትን የቤት ኪራይ አንድ ጊዜ ቢሰማ ወቀሳውን ያለዝብ ይሆናል።

ወላጆች ሲያርፉ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል፤ የአባት ቤት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆችን የመጀመሪያ ወራሾች ያደርጋል፣ ድርሻቸውም እኩል ነው፤ ወንድ ከሴት፣ በኩር ከታናሽ አይበልጥም። ሕጉ ትክክል ነው። ግን አንድን የቦሌ ቪላ ለስምንት ማካፈል ማለት ብዙ ጊዜ መሸጥ ማለት ነው። ሰርቪስ ውስጥ ከነቤተሰቡ የሚኖረው ልጅ የት ይሂድ? ወላጆቹን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው፣ ለዚያ ሲባል ያላገባችው እህት ድርሻዋ ከአሜሪካ በስልክ ከሚያዘው ወንድሟ ጋር እኩል ይሁን? አብረው በአንድ ፍራሽ ያደጉ ሰዎች ፍርድ ቤት ሲካሰሱ ማየት ከባድ ነው። ከዚህ የሚያድነው ወላጆች በሕይወት ሳሉ ጉዳዩን በግልጽ መነጋገር፣ ኑዛዜም መጻፍ ነው። በብዙ ቤት ግን ስለ ሞት መናገር እንደ ሟርት ስለሚቆጠር ነገሩ ሳይነሳ ይቀራል።

ያም ሆኖ እርጅና ሲመጣ የብዙ ልጆች ወላጅ መሆን ጥቅሙ ይታያል። በኢትዮጵያ የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ከዚያ በፊት ከመንግሥት ሠራተኛ ውጭ የነበረው አብዛኛው ሰው ጡረታው ልጆቹ ነበሩ። ልጅ የሌለው ወይም ልጆቹ የሞቱበት አረጋዊ ምን እንደሚገጥመው በአያት በኩል የሚገኘውን ሜቄዶንያ የጎበኘ ሰው ያውቃል። ቢኒያም በለጠ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተው ይህ ማዕከል ጧሪ ያጡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና አንስቶ ይንከባከባል። እዚያ ካሉት አንዳንዶቹ ልጆች እያሏቸው የወደቁ መሆናቸው ግን ብዙ መውለድ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ያሳያል።

በቦሌ ቤተሰቦች ውስጥ አሁን አንድ አዲስ ነገር እየታየ ነው። ስምንቱ ልጆች ተበትነዋል፤ ሁለቱ አሜሪካ፣ አንዷ ዱባይ፣ አንዱ ሐዋሳ፣ የቀሩት አዲስ አበባ። እናታቸው ግን አንድ ናቸው፣ አርጅተዋል፣ ገርጂ ያለው ኮሪያ ሆስፒታል ሲተኙ አስታማሚ ያስፈልጋቸዋል። ቀድሞ ሥራው ያለ ንግግር የታላቂቱ ሴት ልጅ ነበር። አሁን ግን ቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን ይከፍታል፤ የውጭዎቹ የሕክምናውን ገንዘብ ይልካሉ፣ የአዲስ አበባዎቹ ማን የትኛውን ሌሊት እንደሚያድር ተራ ያወጣሉ። የወንዶቹም ስም ተራው ላይ ይገባል። አንዳንዱ ወንድም መጀመሪያ ያንገራግራል፤ እናቱን እንዴት ማጠብ፣ እንዴት ማጉረስ እንዳለበት አያውቅም፣ ቤት ውስጥ ማንም አላስተማረውም። እህቱ በስልክ እየነገረችው ይለምዳል። በእንዲህ ዓይነት ቤተሰቦች ታላቂቱ እትዬ ሃምሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ሌሊቱን ቤቷ መተኛት ጀምራለች፤ ከእነዚህ መካከል በማታ ትምህርት ተመዝግባ ያቋረጠችውን ክፍል የቀጠለችም አለች።